ምዕራፍ አምስት፦ ጓደኛ ሲያይ

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በሚመጡባቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ቅጽ ታደላቸው። ቅጹ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጅ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት በነጻ እንደቀረበላቸው ይገልጻል። የፈለገ ይመዘገባል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ቅጾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር፤ የሚለያዩት በአንዲት ሐረግ ብቻ ነው። ግማሾቹ ላይ የተማሪው ውሳኔ በክፍሉ ውስጥ ካሉ ተማሪዎች ጭምር በምስጢር እንደሚጠበቅ ተጽፏል። በቀሩት ላይ ደግሞ ውሳኔው በክፍሉ ካሉ ተማሪዎች በስተቀር ከማንም እንደሚደበቅ ተጽፏል።

ሊዮናርዶ በርስቲን እና ሮበርት ጄንሰን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ውጤት ለማንኛውም ወላጅና መምህር ሊነገር የሚገባው ነው። በመደበኛ ክፍሎች ውስጥ ምስጢሩ ከተጠበቀላቸው መቶ ተማሪዎች 72ቱ ሲመዘገቡ፣ የክፍል ጓደኞቻችሁ ያውቃሉ ከተባሉት የተመዘገቡት 61 ብቻ ነበሩ። ጎበዝ ተብለው ለተመረጡ ተማሪዎች በተዘጋጁት ክፍሎች ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ከሁሉ የሚያስደንቀው በሁለቱም ዓይነት ክፍሎች እየተዘዋወሩ የሚማሩት ልጆች ነገር ነው። ቅጹ በመደበኛው ክፍል ውስጥ ሳሉ ሲደርሳቸው የእኩዮቻቸው ዓይን ከመመዝገብ ያስቀራቸዋል፤ በጎበዞቹ ክፍል ሳሉ ሲደርሳቸው ያው ዓይን እንዲመዘገቡ ያነሳሳቸዋል። ችሎታቸውም፣ ቤተሰባቸውም፣ የወደፊት ምኞታቸውም ያው ነው። የተለወጠው በዚያች ሰዓት አጠገባቸው የተቀመጠው ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

እዚህ ሙከራ ውስጥ ማንም ማንንም አልገፋም። «ተው፣ ይቅርብህ» ያለ ጓደኛ የለም፤ የሳቀ፣ የዛተ፣ ያባበለ የለም። ልጆቹ የታዘዙት እኩዮቼ ምን ይሉ ይሆን ለሚለው የራሳቸው ግምት ነው። ስለ እኩዮች ተጽዕኖ ስናወራ ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የሚያባብል፣ የሚያሳስት፣ ክፉ ጓደኛ ነው። እንዲህ ያለ ጓደኛ አለ፤ ጉዳቱም እውነት ነው። ነገር ግን የእኩዮች ኃይል አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ያለ አንዳች ቃል ነው። አንድ ወጣት ማጥናትን፣ እጅ አውጥቶ መጠየቅን፣ ከክፍል መፎረፍን ወይም መኮረጅን የሚመዝነው በሚያስገኝለት ጥቅም ብቻ አይደለም፤ በእኩዮቹ ፊት በሚሰጠው ወይም በሚያሳጣው ክብር ጭምር ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክርም ይህ ነው፦ ልጆቻችንን ከእኩዮቻቸው ዓይን ልናወጣቸው አንችልም፤ ያ ዓይን ምን እንደሚያከብር ግን መለወጥ እንችላለን።

ዓይን የሚከብድበት ዕድሜ

የሌሎች ዓይን የማይከብደው ሰው የለም። ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ የኮሌጅ ወጣቶች ሕፃን የማይስተውን ጥያቄ አቀረበላቸው። አንድ መስመር ያሳያቸውና ከሌሎች ሦስት መስመሮች መካከል በርዝመት ከእሱ ጋር እኩል የሆነው የትኛው እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። ለብቻው የተጠየቀ ሰው አይሳሳትም ማለት ይቻላል። አሽ ግን አንዱን ወጣት፣ ሆን ብለው ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ አስቀድመው በተነገራቸው ሰዎች መካከል አስቀመጠው። ያን ጊዜ ከሦስት መልስ አንዱ ገደማ የቡድኑን ስሕተት የተከተለ ሆነ። ቀጥሎ አሽ ሙከራውን በጥቂቱ ለወጠው፤ ከቡድኑ መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ እንዲናገር አደረገ። ስሕተቱን የሚከተለው መልስ ከመቶ ወደ አምስት ገደማ ወረደ። ብዙኃኑ አሁንም ብዙኃን ናቸው፤ ነገር ግን አንድ አጋር የተገኘለት ሰው ዓይኑ ያየውን ለመናገር ደፈረ። የዚህ አንድ አጋር ነገር ለትምህርት ቤት ትልቅ ትርጉም ስላለው በኋላ እንመለስበታለን።

በጉርምስና ዕድሜ ይህ ክብደት ይጨምራል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክልል ከፈሏቸው፦ ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22፣ እና ከ24 በላይ። ሁሉም በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ተጫወቱ። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ወደፊት መንዳት ነጥብ ያስገኛል፤ ሳይቆሙ ከቀሩ ግን መጋጨትና ያገኙትን ማጣት አለ። ከፊሎቹ ብቻቸውን ሲጫወቱ ከፊሎቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ተጫወቱ። በትልልቆቹ ላይ የእኩዮቻቸው መኖር ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ከ13 እስከ 16 ባሉት ላይ ግን እኩዮቻቸው ሲኖሩ አደጋ መድፈራቸው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ብቻቸውን ሲሆኑ ታዳጊዎቹ ከትልልቆቹ እምብዛም የማይለዩ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። «ልጄ ቤት ውስጥ አስተዋይ ነው፤ ውጭ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል» የሚለው የወላጆች አቤቱታ እውነት የሚሆነውም በዚህ ነው። ልጁ አስመሳይ ስለሆነ አይደለም። የሚያየው ሰው ስለተለወጠ የነገሮች ዋጋ ተለወጠበት።

ከስድስት ዓመት በኋላ ስታይንበርግ ከባልደረቦቹ ጋር ተመሳሳይ የመኪና ጨዋታ በአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ አጫወተ። ተጫዋቹ መሣሪያው ውስጥ ተኝቷል፤ ጓደኞቹ ሌላ ክፍል ተቀምጠው በስክሪን እያዩት እንደሆነ ያውቃል። ይህን ማወቁ ብቻ፣ ደስታንና ሽልማትን የሚመዝነው የአንጎል ክፍል በታዳጊዎቹ ላይ ይበልጥ እንዲነቃ አደረገው። በትልልቆቹ ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። ይህ የአንጎል ክፍል በጉርምስና ቀድሞ ይጋጋላል። ራስን የሚገታውና የነገን የሚያሰላው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ብስለቱን አይጨርስም። ስለዚህ ለ15 ዓመት ልጅ የእኩዮቹ አድናቆት ራሱ የሚጥም ሽልማት ነው። ይህን እንደ ድክመት ብቻ ማየት ስሕተት ነው። ወጣቱ ከወላጆቹ ጉያ ወጥቶ ቀሪ ዕድሜውን አብሮት የሚኖረውን ትውልድ መተዋወቅ ያለበት በዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ ተፈጥሮ ጆሮውን ወደ እኩዮቹ አዙራለታለች።

የዚህን ኃይል ስፋት ለማየት ወደ ስደተኛ ቤተሰቦች መመልከት ይበቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸውን በአማርኛ ይጠሩታል፤ እሱ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ይመልሳል። የንግግር ዘዬው የአባቱ ሳይሆን አብረውት ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ዘዬ ነው። ጁዲት ሪች ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ልጆች ማንነታቸውን የሚቀርጹት ከቤት ይልቅ በእኩዮቻቸው መካከል ነው ብላ ስትከራከር እንዲህ ያሉትን የስደተኛ ልጆች እንደ ማስረጃ አቅርባ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች የወላጅን ድርሻ ከልክ በላይ አሳንሳለች ብለው ተቃውመዋታል፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነው። ሃይማኖት፣ ምግባር፣ ለትምህርት የሚሰጥ ቦታ ከቤት ይወረሳል። ሆኖም ልጁ የወረሰውን በአደባባይ ይለብሰው ወይም ይደብቀው እንደሆነ በአብዛኛው የሚወስኑት እኩዮቹ ናቸው።

ጊደሯን ከአህያዋ ጋር ያዋላት ማነው?

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» እንላለን። ተረቱ ውሎ ጠባይ እንደሚያስተላልፍ በትክክል ይናገራል፤ ጥፋቱን ግን ሙሉ በሙሉ በአህያዋ ላይ ይጥላል። ተመራማሪዎች ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አላቸው፦ ጊደሯ መጀመሪያውኑ ከአህያዋ ጋር ለምን ዋለች? የሚያጨስ ልጅ የሚያጨሱ ጓደኞች አሉት። ጓደኞቹ አስተማሩት ወይስ ማጨስ የጀመሩ ልጆች ተፈላልገው ተገናኙ? ሰው የሚመስለውን ስለሚመርጥ፣ የጓደኛሞችን መመሳሰል አይቶ ብቻ ተጽዕኖ ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱን ለመለየት ሰዎች ጓደኛቸውን ያልመረጡበትን ሁኔታ ማግኘት ያስፈልጋል።

ብሩስ ሳሰርዶት ይህን ሁኔታ ያገኘው በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ ዶርም ውስጥ ነው። ኮሌጁ አዲስ ገቢዎችን በዕጣ ያህል ይደለድል ስለነበር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ተማሪው አልመረጠም። ሳሰርዶት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ጥናት የደባሉ ውጤት በተማሪው ውጤት ላይ ትንሽ ነገር ግን እውነተኛ ተጽዕኖ እንዳለው አሳየ። ተማሪው የትኛው ማኅበር ውስጥ እንደሚገባም ደባሉ ይነካዋል። የትምህርት ዘርፍ ምርጫውን ግን አልነካውም። ይህ ለወላጆች የሚያጽናና ነገር ነው። የእኩዮች ኃይል በየዕለቱ በሚደረጉ ነገሮች ላይ፣ ማለትም ስንት ሰዓት እንደሚያጠኑ፣ ማታ የት እንደሚያመሹ፣ ከማን ጋር እንደሚዝናኑ በሚወስኑበት ላይ ይበረታል፤ በሕይወት ትልልቅ ምርጫዎች ላይ ግን ይደክማል።

ከዚህ ተነስቶ መፍትሔው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሰነፉን ከጎበዙ ጋር ማስቀመጥ። ይህ ሐሳብ በሚገባ ተፈትኗል። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ አዲስ ምልምሎችን ወደ 30 የሚጠጉ ልጆች ባሉባቸው ጓዶች ይከፋፍላል፤ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያጠናሉ። ስኮት ካረልና ባልደረቦቹ ቀደም ሲል በዕጣ በተመደቡ ጓዶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ደካማ ተማሪዎች ጎበዞች በበዙበት ጓድ ሲገቡ ውጤታቸው እንደሚሻሻል አይተው ነበር። ስለዚህ ደካሞችንና ጎበዞችን ሆነ ብለው አንድ ላይ ያደረጉ ጓዶች አደራጁ፤ መካከለኞቹንም ለብቻ መደቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት ከጠበቁት የተቃረነ ነበር። ሊረዷቸው የፈለጓቸው ደካማ ተማሪዎች እንደ ወትሮው በዕጣ ከተመደቡት አቻዎቻቸው ያነሰ ውጤት አመጡ። ተጠቃሚ የሆኑት መካከለኞቹ ናቸው። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በተቀላቀሉት ጓዶች ውስጥ መካከለኞች ስላልነበሩ ጎበዞቹ ከጎበዞች፣ ደካሞቹ ከደካሞች ጋር ተቧድነው ተገኙ። ሹማምንት አንድ ጣሪያ ሥር ሊያኖሯቸው ቻሉ፤ ወዳጅነትን ግን በትእዛዝ ማምጣት አልቻሉም።

ይህን ጥናት ያነበበ ኢትዮጵያዊ መምህር «አንድ ለአምስት» የተባለውን አደረጃጀት ሳያስታውስ አይቀርም። በትምህርት ቤቶቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎች አንድ ጎበዝ ተማሪ በሚመራው ቡድን ተመድበው እንዲደጋገፉ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኩያ ከእኩያ መማሩ ከጥንትም ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ቡድኑ በስም ዝርዝር ብቻ ሲኖር ምን እንደሚሆን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። የቤት ሥራውን ጎበዙ ብቻውን ይሠራል፤ የሌሎቹ ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፋል። መደጋገፍ እንዲመጣ ልጆቹ አብረው የሚሠሩት እውነተኛ ሥራ፣ እርስ በርስ የሚፈላለጉበት ምክንያት ያስፈልጋቸዋል።

«ሁሉም ያደርገዋል»

የእኩዮች ዓይን ከሚታየው ይልቅ በሚገመተው እንደሚሠራ ከሎስ አንጀለሱ ቅጽ አይተናል። ግምቱ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ዌስሊ ፐርኪንስና አለን በርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ያሉ ተማሪዎችን ስለ መጠጥ ያላቸውን የራሳቸውን አቋም፣ ከዚያም የሌሎች ተማሪዎች አቋም ምን እንደሚመስላቸው ጠየቋቸው። አብዛኞቹ ለራሳቸው የተቆጠበ አቋም ሲኖራቸው፣ ሌሎቹ ግን ከእነሱ ይልቅ ልቅ እንደሆኑ ያምኑ ነበር። ሁሉም ሌላውን እየፈራ፣ ማንም ከልቡ የማይወደው ልማድ የሁሉም ልማድ መስሎ ይኖራል።

በእኛም ግቢዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። በፈተና ሰሞን በርጫ ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ይታያሉ፣ ይሰማሉ፤ ወሬያቸውም በማግስቱ ግቢውን ይሞላል። በዚያው ሌሊት ላይብረሪ የነበረው ወይም ዶርሙ ተኝቶ ያደረው ተማሪ ግን ለወሬ የሚሆን ነገር የለውም። ስለዚህ አዲስ የገባ ተማሪ ዙሪያውን ሲያይ፣ ጥቂቶቹ በድምፃቸው ብዛት ብዙ መስለው ይታዩታል። ጫት ሳይቅሙ ማጥናት የማይቻል፣ ሳይፎርፉ መማር የፋራ ነገር ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነቱን ተማሪ የሚረዳው ከማስፈራሪያ ይልቅ እውነቱን ማየቱ ነው።

ኩረጃ ከዚህም የጠለቀ ሥር አለው። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ ወጥቶ መሰረዙን እናስታውሳለን። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ በዚያው ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፦ ጦርነት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ሁኔታ፣ የቋንቋ ችግር። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ለዓመታት በክፍል ውስጥ የጸና የእኩዮች ሕግ ነው። አጤሬራ ከማዘጋጀትና መልስ ከማሳየት በስተጀርባ ያለው ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስቆሙ ቀላል በሆነ ነበር። ልጁ ወረቀቱን ለጎረቤቱ ገልጦ የሚያሳየው ስስታም ላለመባል ነው። ያለህን አካፍል፣ ወንድምህ ሲቸገር አትይ ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ወረቀቱን ሲሸፍን ራሱን ክፉ አድርጎ ያያል። ኩረጃ ከመልካሙ ባሕላችን፣ ከመካፈል፣ ክብርን ተበድሮ ይኖራል። ይህን የሚያህል ነገር በፌዴራል ፖሊስና በፍተሻ ለጊዜው መግታት ይቻላል፤ ከሥሩ የሚነቀለው ግን ልጆቹ ራሳቸው ጓደኛን መርዳት ከፈተናው በፊት አብሮ ማጥናት እንደሆነ ሲስማሙና ፈተናው ላይ ወረቀቱን የሸፈነውን ልጅ ስስታም ማለት ሲያቆሙ ነው።

ዓይኑ ወደ መጽሐፉ ሲዞር

ያው ኃይል ወደ መልካም ሲዞር ምን እንደሚሠራ ካሳዩት ታሪኮች አንዱ የዩሪ ትራይስማን ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ የካልኩለስ ትምህርት ላይ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በብዛት ይወድቁ ነበር። መምህራኑ ሲጠየቁ፣ ተነሳሽነት የላቸውም፣ ዝግጅታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰብ አያበረታታቸውም፣ ድህነት ነው ይሉ ነበር። ትራይስማን ግምቱን ትቶ 20 ጥቁር እና 20 ቻይናዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ተማሪዎችን በሚኖሩበትና በሚያጠኑበት ቦታ ተከታተለ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በየመጡበት ትምህርት ቤት ቀዳሚ የነበሩ፣ ቤተሰቦቻቸውም ለትምህርት ብዙ መሥዋዕትነት የከፈሉ ናቸው። የተሰጣቸውን ሥራ በትጋት ይሠራሉ፤ የሚሠሩት ግን ለየብቻቸው፣ በራቸውን ዘግተው ነው። ትምህርትና ጓደኝነት ለእነሱ የተለያዩ ዓለሞች ነበሩ። ቻይናውያኑ መጀመሪያ ብቻቸውን ከሠሩ በኋላ ማታ ተሰብስበው አብረው ይበላሉ፣ መልሶቻቸውን ያስተያያሉ፣ አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል። አንዱ ጥያቄ ሁሉንም ካቃታቸው ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። ብቻውን የሚሠራው ግን ሲያቅተው ችግሩ እኔ ነኝ ብሎ ይደመድማል።

ትራይስማን ከዚህ ተነስቶ ያቋቋመው ፕሮግራም ሁለት ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ከመደበኛው የከበዱ ጥያቄዎችን እንዲፈቱ ያደርጋል፤ ጥያቄዎቹ አንድ ሰው ብቻውን የማይወጣቸው ስለሆኑ መነጋገር የግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ የደካሞች ማጠናከሪያ ተብሎ አልተጠራም፤ የጎበዞች መሰብሰቢያ ሆኖ ነው የቀረበው። የተሳተፉት ጥቁር ተማሪዎች ውጤት እጅግ ተሻሻለ፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። የሎስ አንጀለሱን ጥናት ላነበበ ሁለተኛው ነጥብ ግልጽ ነው፤ እዚያ ቡድን ውስጥ መታየት አያሳፍርም፣ ያስከብራል።

ከአገራችን ደግሞ በአማራ ክልል፣ ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተካሄደው «ብርሃን ሄዋን» የተሰኘ ፕሮግራም አለ። ዓላማው ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማዘግየትና ልጃገረዶችን ትምህርት ቤት ማቆየት ነበር። ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጃገረዶች በአካባቢው ሴቶች መሪነት በቡድን እየተሰበሰቡ ማንበብ፣ ሙያና የጤና ትምህርት ይማራሉ፤ ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት ደግሞ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል። ከማኅበረሰቡ ጋርም ውይይት ይደረጋል። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 በሆኑት ላይ ውጤቱ ትልቅ ነበር። ፕሮግራሙ ካልደረሰበት የንጽጽር ቀበሌ እኩዮቻቸው ይልቅ በብዛት ትምህርት ቤት ተገኝተዋል፤ የመዳር ዕድላቸውም ከእነዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ሆኗል። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ጋብቻው አልቀነሰም፤ ከንጽጽሩ ቀበሌ በልጦ ነው የተገኘው። ለውጡን ያመጣው ቡድኑ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ መሣሪያውም ውይይቱም አብረው ሠርተዋል። ነገር ግን ቤት ውስጥ ከሥራ በስተቀር ሌላ የማታይ ልጃገረድ፣ እንደ እሷ ያለች ሌላዋ ልጅ ደብተር ይዛ ስታያት፣ አልዳርም ማለት የአንዲት ልጅ እልኸኝነት መሆኑ ይቀራል።

እኩያን በእኩያ ማስተማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ መሪጌታ ብዙ ተማሪዎችን ይዞ መቆየት የቻለው ቀድሞ የገባው ልጅ አዲሱን ፊደል ስለሚያስቆጥር፣ የገፋው ለጀማሪው ስለሚያስቀጽል ነው። እዚያ ማወቅ የሚያስከብረው ለማያውቀው ሲያስተላልፉት ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ትቶ ክብርን በደረጃ ብቻ ማደል ሲጀምር አንድ ነገር ጎድሎበታል። በርስቲንና ጄንሰን በዚያው ጥናታቸው ይህን የሚያሳይ ሌላ ነገር አግኝተዋል። በኮምፒውተር የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ የቀዳሚዎቹ ስም በይፋ እንዲታይ ሲደረግ፣ የተማሪዎቹ ውጤት በ24 በመቶ ወረደ፤ ከሁሉ በላይ ያሽቆለቆሉት ደግሞ ቀድሞ ከላይ የነበሩት ናቸው። ማጥናት በማይከበርበት ክፍል ውስጥ አንደኛ መውጣትን በአደባባይ መለፈፍ፣ ጎበዙን ቀለሜ ተብሎ እንዲሸማቀቅ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል።

የትልልቆች ሥራ

ትልልቆች መልካም አስበው ነገሩን ሊያብሱት እንደሚችሉ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1945 በቦስተን አቅራቢያ ከ500 በላይ ወንዶች ልጆች የተካተቱበት ትልቅ ፕሮግራም ተካሂዶ ነበር። ግማሾቹ አማካሪ፣ የትምህርት እገዛ፣ የበጋ ካምፕ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ለንጽጽር ተተዉ። ጆአን ማኮርድ ከ30 ዓመት በኋላ ሁለቱን ስታነጻጽር፣ የተረዱት ልጆች በወንጀልም፣ በመጠጥም፣ በጤናም ካልተረዱት ብሰው ተገኙ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ጉዳቱ የከፋው ከአንድ ጊዜ በላይ ካምፕ በተላኩት ላይ መሆኑን አሳየ። አስቸጋሪ ልጆች አንድ ላይ ሲታጎሩ፣ የጥፋት ወሬ ሳቅና አድናቆት ስለሚያገኝ፣ እርስ በርስ ይማማሩበታል። የሚረብሹትን ሁሉ ከኋላ ወንበር ወይም ለብቻ በአንድ ክፍል የሚሰበስብ ትምህርት ቤት ይህን ስሕተት በየቀኑ ይደግማል።

የተሻለውን መንገድ ኤሊዛቤት ሌቪ ፓለክና ባልደረቦቿ በኒው ጀርሲ 56 የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሞክረዋል። ተማሪዎቹን ሁሉ ከማን ጋር ጊዜያችሁን ታሳልፋላችሁ ብለው ጠይቀው፣ የብዙዎች ዓይን የሚያርፍባቸው ልጆች እነማን እንደሆኑ ለዩ። ከዚያ በዕጣ በተመረጡት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ልጆችን ጋብዘው፣ በትምህርት ቤታቸው ያለውን ጠብና መናቆር የሚቃወሙበትን መንገድ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያወጡ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የጠብ ሪፖርት ከሌሎቹ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ዓይን የሚያርፍባቸው ልጆች በርከት ብለው በተሳተፉበት ደግሞ ውጤቱ በረታ። ከእነዚህ ልጆች መካከል መምህራን የሚያመሰግኗቸው ጸጥተኞች ብቻ አልነበሩም። ስለዚህ ርእሰ መምህር አለቃ ሲመርጥ የሚታዘዘውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ሌሎች የሚከተሉትን ልጅ መፈለግ አለበት፤ አንዳንዴ ይህ ልጅ ቢሮው ሲከሰስ የሚውለው ሊሆን ይችላል።

ለወላጅም ከዚህ የሚወጣ ምክር አለ። «ከእሱ ጋር እንዳላይህ» የሚለው ትእዛዝ አንዳንድ ጊዜ የግድ ነው፤ ልጅ ወደ ሱስ ወይም ወደ ወንጀል እየተሳበ ከሆነ ዝም ማለት አይገባም። ግን ትእዛዙ ብቻውን ወዳጅነቱን ከዓይናችን ይሰውረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ይልቅ ቤታችንን ለልጃችን ጓደኞች መክፈት፣ ስማቸውን ማወቅ፣ ምሳ ማቅረብ፣ አብረው የሚያጠኑበትን ጠረጴዛ መስጠት፣ ከወላጆቻቸው ጋር መተዋወቅ ይበልጣል። ልጃችን የሚውልበት ቡድን አንድ ብቻ እንዳይሆንም ማገዝ እንችላለን። የሰፈር ኳስ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ፣ የቤተ መጻሕፍት ክበብ፣ የዘመድ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው ሌላ ዓይን ናቸው። በአንዱ ቡድን ፊት ፋራ የተባለ ልጅ በሌላው ፊት ከተከበረ የአንዱ ፍርድ አይሰብረውም።

መምህር ደግሞ የአሽን ሙከራ ማስታወስ አለበት። ልጅን ከብዙኃኑ ስሕተት ለማዳን ክፍሉን ሁሉ መለወጥ አያስፈልግም፤ አንድ አጋር ብዙ ይሠራል። አለመኮረጅ የሚፈልግ ልጅ ብቻውን ከተቀመጠ ይረታል፤ እንደ እሱ የሚያስብ አንድ ልጅ አጠገቡ ካለ ይጸናል። እጇን አውጥታ መጠየቅ የምትፈራ ተማሪ፣ አንዲት ጓደኛዋ ስትጠይቅ ካየች ትጠይቃለች። መምህሩ እንዲህ ያሉትን ልጆች ለይቶ ማገናኘት፣ ብቻቸውን የማይፈቱትን ከባድ ጥያቄ አብረው እንዲፈቱ መስጠት፣ ለጓደኛው ያስረዳውንም እንደ አንደኛው ሁሉ ማመስገን ይችላል። ይህ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን ብቻውን እንደሚቀመጥ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስከብርና ምን እንደሚያሳፍር አውቆ ማስተማርን ነው። ልጆች የሚያከብሩትን የሚማሩት እርስ በርስ ነው፤ የሚማሩበትን ሁኔታ የማዘጋጀት ግዴታ ግን የእኛ የትልልቆቹ ነው። ያን ግዴታ ሳንወጣ ጓደኛውን ብቻ የምንከስ ከሆነ፣ ልጁን ብቻውን ትተነዋል ማለት ነው።